የደብሪቱ ደጅ ድንጋይ

እኔ እንደሆንኩ የምረሳው ነገር የለም። እናትሽ በተወለደች ሰሞን ከጎረቤት የተዋስኩት ወንፊት እንኳ ጠርዙ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ልነግርሽ እችላለሁ፤ ያልመለስኩትም ረስቼ እንዳይመስልሽ። ነገ የዳኞች ሥልጠና ልትገቢ ነው አይደል ትርሲትዬ? ሻንጣሽን ተይውና ስልኩን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ስሚኝ። አንዲት ቃል አልጨምርም። ብጨምርም ለማጣፈጫ ነው።

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ አንድ ችሎት ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሦስት ዳኞች ነበሩ። መሐል የሚቀመጡት አቶ ታፈረ ናቸው። ሸምገል ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ሰው ምሳውን በልቶ የሚመለስ። በቀኛቸው መንበረ ናት፤ እሷ ስትራመድ ጫማዋ ቀድሟት ነው የሚደርሰው። በግራቸው ልሳነወርቅ፣ ወሬ የሚወድ፣ ከተማውን በሙሉ እስከ ቅድመ አያቱ የሚያውቅ።

ታዲያ እነዚህን ሦስቱን፣ ባል ሚስቱን ሲደበድብ እንዴት እንደሚዳኝ ተማሩ ተብለው ለሥልጠና ተላኩ። ስንት ቀን ሙሉ ሲነገራቸው ሰንብቶ ሦስቱም አንድ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ተመለሱ። አንቺም ከዚያ በላይ አትይዢም፣ አትመጻደቂ። «ሚስትን ባሏ ፊት አትጠይቅ፤ ለብቻዋ ጠይቅና ዝም በል» የሚለው አቶ ታፈረ ልብ ውስጥ ገባ። «ዛሬ የሚያስፈልጋትን ለቀጠሮ አታሳድሪ» የሚለው መንበረን ያዛት። «ወረቀት ብቻውን ደጅ አይጠብቅም፤ ከችሎት ስትወጣ ማን እንደሚቆምላት እወቅ» የሚለው ደግሞ ልሳነወርቅ ላይ ቀረ።

እንደተመለሱ ደብሪቱ የምትባል ሴት ባሏን ከሰሰች። ባሏ ጠንክር ባለወፍጮ ነው። ለድሃ በነጻ የሚፈጭ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርስ፣ ከተማው የሚምልበት ሰው። ደብሪቱ ግን አገጯን በሻሽ አስራ ነው የመጣችው። መንገድ ላይ ለጠየቃት ሁሉ «ጥርሴን አሞኝ ነው» ትላለች።

በቀጠሮው ቀን ምን ሆነ መሰለሽ? ጠንክር ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣልሽ! ድንጋዩ በሬ ያክላል። እሺ፣ ጥጃ። ምን ያስቅሻል? እሺ፣ የበግ ጭንቅላት ያክላል፣ አሁን ደስ አለሽ?

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ጨነቀው። «ድንጋይ ይዞ ችሎት መግባት ክልክል ነው» አለ።

«የይቅርታ ድንጋይ እኮ ነው!» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«ይቅርታም ቢሆን ይፈተሻል» አለና ድንጋዩን ዙሪያውን ዳበሰው።

ጠንክር ገብቶ ተንበረከከ፣ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ «በልጆችሽ! ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይመለስም» አሏት። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ይቅር አልልም ያለች ሴት ብትሞት እንኳ የሚቀብራት የለም። ደብሪቱ ድንጋዩን አየችው። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም። «ይቅር ብያለሁ» አለች፤ እሱንም የሰማት ከንፈሯን ያየ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ «እንግዲህ መዝገቡ ይዘጋ?» አለ።

አቶ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁሉም ይውጣ» አሉ።

«ሽማግሌዎቹም?»

«እነሱም።»

«ድንጋዩስ?» አለ ፖሊሱ።

«እሱ ይቀመጥ።»

ከዚያ ከወንበራቸው ወርደው አግዳሚው ላይ ደብሪቱ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እውነት ታርቀሻል?» ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ቤት ውስጥ የነበረችው ዝንብ ሰልችቷት ወጣች። ያ ጉሮሮ እንኳ አልተጠረገም። በመጨረሻ ደብሪቱ ሻሿን ላላ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ይሄን ድንጋይ አውቀዋለሁ» አለች። «የደጃችን ነው። ወፍጮ ቤት ሲሄድ በሩን ከውጭ የሚዘጋብኝ እሱን አስደግፎ ነው። ልጆቼ ደጅ ሲያለቅሱ ከውስጥ እሰማቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም ተሸክሞት ሲወጣ፣ ‹ይቅርታው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል› ብሎኛል።»

አየሽ የሰውን ነገር? የይቅርታ ድንጋይ አምጣ ሲሉት፣ እጁ የለመደውን አነሳ።

መንበረ ይህን ስትሰማ ቀጠሮ የሚባል ነገር አላወቀችም። ጠንክር ቤቱን ለቆ እንዲወጣ፣ ደጇም ድርሽ እንዳይል ትእዛዙ እዚያው ተጻፈ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ማኅተሙ ደግሞ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ ለቅሶ ሄዳለች። ፖሊሱ «ያለ ማኅተም አላስፈጽምም፣ ሰኞ ይሁን» አለ። «እስከ ሰኞ አንተ ቤቷ ታድርላታለህ?» ብላው መንበረ ካባዋን እንደለበሰች በከተማው መሐል ሮጠች። ፍየሎች መንገድ ለቀቁላት። ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ፣ ዳኛ በካባ ሲመጣ ያዩ ልጆች «እናታችን ሳትቀበር የውርስ ክርክሩ መጣ!» ብለው ተነሱ። እሷም ባዶ እጄን ከምገባ ብላ «ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች። ሟቿ ሴትዮ ናቸው እኮ! ከዚያ በባለ ቁልፏ ጆሮ ሹክ አለችና ቁልፉን ይዛ ተፈተለከች። ደብሪቱ ቤቷ ሳትደርስ ጠንክር ጓዙን ይዞ ወጥቶ ነበር።

ልሳነወርቅስ? እሱ በመስኮት ሽማግሌዎቹን እያየ ነበር። ከዛፉ ሥር ቆመው «ሽምግልና ተዋረደ! እኛው ይዘነው ሄደን እናስገባዋለን» ይላሉ። ወደ ደብሪቱ ዞረና «እህቴ፣ የድንጋዩን ነገር ልንገራቸው?» አላት። ብዙ አሰበችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት። ድንጋዩን አቅፎ ወጥቶ መሐላቸው አስቀመጠው።

«አባቶቼ፣ ይሄ ከየት እንደመጣ ጠይቃችኋል?»

«ከወንዝ ነው ያለን» አሉ ጋሽ ድረስ፣ የሁሉም ታላቅ።

«ከደጁ ነው። ሚስቱን የሚዘጋባት በዚህ ነው።»

ጋሽ ድረስ ድንጋዩን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፣ እንደሚናከስ ነገር። «አስዋሸን» አሉ።

«እንግዲያው ዋስ ሁኑ። ለእሱ አይደለም፣ ለእሷ» አላቸው።

ሰነባብቶ ጠንክር ተመልሶ መጣ፤ አሁንስ እውነትም ከወንዝ ያመጣውን ድንጋይ ተሸክሞ። ትእዛዙን ቢያሳዩት «ወረቀት ነው» አለ። ፖሊስ ሩቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ደብሪቱ ደጅ መንገዱን ዘግተው ተቀምጠዋል። «ተመለስ፤ ስማችንን አንዴ ሸጠኸዋል» አሉት። ተመለሰ።

እንግዲህ ነገሩ አሁን ነው የሚመጣው። ሥልጠናውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ለአዳዲስ ዳኞች መምህር ሆናችሁ ትልቁ ከተማ ትገባላችሁ፣ እዚያው ትቀራላችሁ አለ። ወንበሩ አንድ ነው።

አቶ ታፈረ «እኔ ባላስወጣቸውና ባልጠይቃት መንበረ ምን ብላ ትጽፍ ነበር?» አሉ። «ከዚያ በፊት ግን ስንቷን ሴት ‹ታርቀሽ ነይ› ብለው መልሰዋል» አሏቸው ሁለቱ።

መንበረ «እኔ ባልሮጥ ዓርብ ማታ ወደ ድንጋዩ ነበር የምትመለሰው» አለች። «በችኮላሽ ጠንክር የት እንደሚያድር እንኳ አልጠየቅሽም። ይኸው ከደብሪቱ አጥር ማዶ ወንድሙ ቤት ገባ» ተባለች።

ልሳነወርቅ «እኔ ባልወጣ ጠንክር ወረቀታችሁን የትምባሆ መጠቅለያ ያደርገው ነበር» አለ። «ዳኛ ከዛፍ ሥር ሽማግሌ ይለማመጣል እንዴ?» ተባለ።

ሲያቅታቸው ደብሪቱን አስጠሯት፤ አንቺው ምረጪልን አሏት። ደብሪቱ ቆማ አየቻቸው።

«የሚሄደውን ነው የምትጠይቁኝ» አለች። «እኔ የማስበው ስለሚቀሩት ነው። ትእዛዙ ከፋሲካ በኋላ ያበቃል። ጠንክር ያንን ይጠብቃል። ወፍጮው ሲጮህ እሱ እዚያ ነው፣ ልቤ ያርፋል። ሲቆም ነው ሥራዬን ጥዬ ልጆቼን የምሰበስበው።» ያንን የደጇን ድንጋይ ፖሊሱ ራሱ ተሸክሞ መልሶላት ነበር። አሁን እሷ በሩን ከውስጥ የምታስደግፈው በእሱ ነው።

በይ እንግዲህ የኔ ዳኛ። የመምህርነቱ ወንበር ለማን ይገባል? የሚጠይቀው ሰው ሄዶ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ደብሪቱን ለብቻዋ የሚጠይቃት ይታጣ? ወይስ የምትሮጠው ሄዳ፣ አዲሱ ትእዛዝ በቀጠሮ ይደር? ወይስ ሽማግሌ የሚያውቀው ሄዶ፣ ደጇ ባዶ ይሁን? «ሦስቱም» እንዳትዪኝ። «ማንም አይሂድ» ካልሽኝም፣ እንዳንቺ ያለችውን ማን ሊያስተምራት ነው?

ዛሬ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ። ካርድ አልቆብኝ ነው፣ ኔትወርክ የለም ምናምን አልሰማም። ካልደወልሽ ድንጋዩን መልሼ የበሬ ያህል ነው የማደርገው። ማታ ነው ያልኩሽ፤ ወፍጮው ሳይቆም።