የተዳፈነው እሳት

አንድ ጊዜ፣ የበጋው ፀሐይ ሜዳውን ሁሉ አድርቆት ሣርና ውሃ የቀረው በጥዱ ደን ውስጥ ብቻ በነበረበት ወራት፣ አህያ፣ ጅብና ቀበሮ ደኑ ውስጥ ሊሰፍሩ አብረው ወጡ። ደኑ የማንም የግል አልነበረም፤ የእንስሳት ሁሉ ነበር። የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ ካልተሾመለት የማንም ሳይሆን ይቀራልና አንበሳ በሩ ላይ ተሹሞ ነበር።

አንበሳም እንግዶቹን አስቁሞ ደንቡን ነገራቸው።

«ድንኳናችሁን ከምንጩ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። የወደቀ እንጨት ልቀሙ እንጂ ቅርንጫፍ አትስበሩ። እሳት የምታነዱት በድንጋይ በተከበበው ምድጃ ውስጥ ብቻ ነው። ከሰፈራችሁ ስትርቁ ውሃ ደፍታችሁ አጥፉት፤ አመዱን ዳብሳችሁ ካልቀዘቀዘ ንቅንቅ እንዳትሉ። ይህን የጣሰ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ደኑን አይረግጥም።»

ሦስቱም ዞር ብለው የመጡበትን ሜዳ አዩ። ከድንጋይና ከአቧራ በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልነበረበትም። ከደኑ መባረር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«አያ ጅቦ፣ ላንተ በተለይ ነው የምናገረው» አለ አንበሳ። «አምና የጦጢትን ድንኳን ጠፍር የበላው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ፣ ጌታዬ» አለ ጅብ አንገቱን ደፍቶ። «ድንኳኑ እላዬ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ቋንጣ መስሎኝ ነበር። ሰዎች ‹ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ› እያሉ የሚተርቱብኝ እውነታቸውን ነው። የሚያውቀኝማ መቼ ያነጥፍልኛል? ሲነጋ ቁርበቱን አያገኘው!»

ቀበሮ ሳቀች። አህያም ሳቀች፤ ግን ራቅ ብላ ነበር የሳቀችው።

ጅብ ደንቡን እንዳይረሳው መንገዱን ሙሉ ይደጋግመው ጀመር። «ከምንጩ ራቅ፣ የወደቀ እንጨት፣ የድንጋይ ምድጃ፣ ውሃ መድፋት፣ አመድ መዳበስ...»

«ምነው አያ ጅቦ፣ ዳዊት ትደግማለህ እንዴ?» አለችው ቀበሮ።

«ምን ላድርግ እመት ቀበሮ? የኔ ጭንቅላት ወንፊት ነው፤ እየደጋገሙ ካልጨመሩበት ምንም አይገኝበትም። የማይረሳው ሆዴ ብቻ ነው።»

አህያ ግን ምንም አልደጋገመችም። ያደገችው አንዲት ጠላ ጠማቂ ቤት ስለነበር ስለ እሳት ከእሷ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም። እመቤቷ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና አድራ፣ ጠዋት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት እሳቱ ቦግ ሲል ስንት ጊዜ አይታለች! እሳቱ የጠፋበት ጎረቤት ገል ይዞ ፍም ሊለምን ሲመጣም እመቤቷ ከንፈሯን ስትመጥ አይታለች። አህያ ዓይናፋር ስለነበረች ሙያዋን ለማንም አትናገርም፤ በሆዷ ግን ትኮራበታለች። ኩራት ደግሞ ዓይናፋር ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ የሚነካው ስለሌለ ይበልጥ ይፋፋል።

ከምንጩ ራቅ ብለው የድንጋዩ ምድጃ አጠገብ ሰፈሩ። ወደ ማምሻው ላይ ብርዱ በረታ።

«የዚህ ደን ብርድ አጥንት ይሰብራል!» አለች ቀበሮ።

«እንግዲያው እንጀራዬን ሊቀማኝ ነው» አለ ጅብ።

እሳት አንድደው ሞቁ። ቀበሮ ይዛ የመጣችውን ቆቅ ጠበሰች፣ ጅብ የቆቁን አጥንት ለመነ፣ አህያም ሣሯን ጋጠች። ሲነጋ የደኑን ፏፏቴ ለማየት ተነሡ። ጅብ ወደ ምንጩ ሮጦ በቅል ውሃ ይዞ ተመለሰ። ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶታል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አህያ።

«ለእሳቱ ነዋ! ውሃ መድፋት፣ አመድ መዳበስ!»

አህያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች። «በሕግ አምላክ! ፍም ላይ ውሃ ይደፋል እንዴ? ማታ ስንመለስ የማንን ደጅ ልንጠና ነው? አንተ ቤት አታውቅ፣ ማጀት አታውቅ፤ ይልቅ ባለሙያ እንዴት እንደምታደርግ እይ!»

በኮቴዋ አመዱን እየዛቀች ፍሙን ደህና አድርጋ አዳፈነችው። ጭሱ ጠፋ። ምድጃው እሳት ነድዶበት የማያውቅ መሰለ።

«አጠፋሽው!» አለ ጅብ በአድናቆት።

«አሳምሬ ነዋ» አለች አህያ።

«አመዱንስ አልዳብስ?»

«ምኑን ትዳብሰዋለህ? ይልቅ ውሃውን ጠጣው።»

ጅብ ጠጣ ሲባል ሁለተኛ አይጠብቅም፤ ጠጣው። ቀበሮ ይህን ሁሉ አይታ ወደ ፏፏቴው መንገድ ቀደመች።

እነሱ ፏፏቴው ጋ ሳሉ ነፋስ ተነሣ። ማጀት ውስጥ ነፋስ የለም፤ ደን ውስጥ ግን ነፋስ ባለቤት ነው። አመዱን ከፍሙ ላይ ገፈፈና ፍሙን ደረቅ የጥድ ቅጠል ላይ በተነው። ሦስቱ ጭሱን አይተው እየሮጡ ሲመለሱ፣ ዝንጀሮዎች በእርጥብ ቅጠል እየደበደቡ፣ ጦጣዎች ከምንጩ ውሃ እየተቀባበሉ እሳቱን አጥፍተውት ነበር። አንድ ትልቅ ጥድ ግን ከሰል ሆኖ ቆሟል። እስከ ምንጩ ድረስ የነበረው ሣርም አልቋል።

አንበሳ ጥቁሩ ጥድ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። «እሳቱን ሳያጠፋ የሄደው ማን ነው?» አለ።

እንስሳቱ ሁሉ ጅብን አዩ። ሁሉም ሲያዩት ጅብ ራሱ ራሱን አየ።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ግን እስቲ ያስቡት። እመት ቀበሮ ብልህ ናት። እመት አህዪት ደግሞ እሳቱን ስታጠፋው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለሙያ ናት። እንግዲህ ማን ቀረ? እስከ ዛሬ የተበላሸውን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻ ሌላ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምነው!»

ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። አንበሳ ግን አልሳቀም። «እንግዲያው ደንቡን ታውቀዋለህ» አለው። ጅብም ጭራውን ቆልፎ የሜዳውን መንገድ ያዘ።

አህያ በዓይኗ ሸኘችው። ቀበሮ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች፤ የአህያ ጆሮ ደግሞ ለሹክሹክታ የተመቸ ነው።

«ዝም በይ» አለቻት። «የጅብ ስም እንደሆነ ድሮ ጠፍቷል፤ አንድ ቢጨመርበት ምን ይጎድልበታል? አንቺ ግን ሜዳው ላይ ምን ልትበይ ነው፣ አቧራ? ደግሞ እሱ ከሄደ እኔም አጥንቴን ለብቻዬ እቆረጥማለሁ፣ አንቺም ሳትሰጊ ትተኛለሽ።»

አህያ የተረፈውን ሣር አየች። ምንጩንም አየች። ምክሩ ጣፋጭ ነበር፤ ልትውጠውም ምንም አልቀራት። ይህን ጊዜ ጅብ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ዞረ።

«እመት አህዪት፣ ያን የመሰለ ሙያሽን አበላሸሁብሽ፤ ይቅር በይኝ» አላት።

አህያ ከዚህ በኋላ መቻል አቃታት። ቀስ ብላ፣ ለአንበሳ ብቻ ልትነግረው ነበር ያሰበችው፤ ነገር ግን አህያ ቀስ ብላ የምትናገርበት ጉሮሮ አልተሰጣትም። ስታናፋ ደኑ ሁሉ ሰማ።

«እኔ ነኝ! አላጠፋሁትም፤ አዳፍኜው ነው የሄድኩት! አያ ጅቦ ውሃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጠጣው ያልኩት እኔ ነኝ። ባለሙያ ነኝ ብዬ! ዕድሜ ልኬን ማጀት ደጃፍ ላይ ጭነት ተሸክሜ ስለቆምኩ ባለሙያ የሆንኩ መሰለኝ። እንደሱማ ከሆነ የማጀቱ በርም ባለሙያ ነው!»

ዝንጀሮዎቹ አሁንም ሳቁ። አህያ ፊቷ የሚቀላ ቢሆን ኖሮ ይቀላ ነበር።

«እመት አህዪት» አለ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «በቤትሽ እሳት ማዳፈን ሙያ ነው፤ ፍሙን ማታም ጠዋትም የምትጠብቀው እመቤት አጠገቡ አለች። እዚህ ግን አንቺ ስትሄጂ የሚመጣው ነፋስ ነው። እውነቱን ስለተናገርሽ አከብርሻለሁ። ደንቡ ግን ፊት አይቶ አያዳላም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለች አህያ።

ጅብ እየተንደረደረ ተመለሰ። «ቆይ፣ ቆይ፤ እኔ አይደለሁም ማለት ነው? ምንም አላደረግሁም?»

«ምንም» አለው አንበሳ።

ጅብ ንጹሕ ሆኖ ስለማያውቅ የሚያደርገው ጠፋው። አንዴ ተቀመጠ፣ አንዴ ተነሣ። «እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል? አመሰግናለሁ ነው ወይስ ይቅርታ?» ብሎ ቀበሮን ጠየቃት። ቀበሮ ግን ቀድማ ወደ ቁጥቋጦው ገብታ ነበር።

አህያ ወደ ሜዳው መውረድ ጀመረች። ጅብ እየሮጠ ደረሰባት።

«እመት አህዪት፣ ለእኔ ብለሽ ልትራቢ ነው። ብቻሽንማ አልተውሽም፤ አብሬሽ ሜዳው ላይ እከርማለሁ!»

አህያ ጥርሱን አየች፣ ሆዱን አየች፣ ከፊቷ ያለውን ባዶ ሜዳም አየች።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ» አለች። «ግን ጥፋቴን አመንኩ እንጂ አበድኩ አላልኩም።»

ጅብ ጥቂት አሰበና፣ «እውነትሽን ነው» አለ። «እኔም ብሆን ከእኔ ጋር አልሄድም ነበር።»

አህያም እየሳቀች ወደ አቧራው ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ በቤታችን ያስመሰገነን ሙያ የሁሉም በሆነ ቦታ ጥፋት ሊሆን ስለሚችል የቦታውን ደንብ ማክበር እንዳለብን፣ ስናጠፋም ስሙ ቀድሞ ከጠፋው ጀርባ መደበቅ እንደማይገባን ነው።