እግሩ የተቆረጠው አልጋ

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። ቤቱን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል። ታዲያ እሱ በሌለባቸው ዓመታት ሚስቱን ወይዘሮ ትርንጎን ማን ጠበቃት? መከታ። መከታ ውሻቸው ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ አልተሳሳተችም።

ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ መከታ አርጅቶ ጠበቀው። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጠዋት ከበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ለመነሳት ሦስቴ ይሞክርና በአራተኛው ይነሳል። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶት፣ «ክረምቱን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከተኛ መስከረምን አያይም» አለ። ግንቦት እያለቀ ነበር። ደመናው ተሰብስቧል።

የጎረቤት ምክር ታውቁ የለ፣ ሳይጠሩት ይመጣል። አንዱ «ከወንዝ ማዶ ወስደህ ተወው» አለ። ሌላው «ቡችላ አሳድግ፣ ይሄስ በቃው» አለ። ሰውየው ግን፣ «እኔ በሌለሁበት ደጄ ላይ የቆመውን፣ እኔ ስመጣ ከደጄ አላባርርም። አልጋ እሠራለታለሁ» አለ።

አልጋ። ለውሻ።

አቶ ደምሰው የሚባል ጎረቤቱ ይህን ሲሰማ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ስማ እንጂ ወንድሜ፣ ፍራሹ ጥጥ ነው ስፖንጅ? ትራሱንስ አስፍተሃል?» ሰፈሩ ሳቀ። የሳቁትን ስም ዝርዝር አትጠይቁኝ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ እዚሁ ተቀምጠዋል። አንዱም ፊታችሁ ቆሞ ይናገራል።

ያ ሳቅ ምን እንደሠራ ግን ልብ በሉ። ሰውየው መጀመሪያ ያሰበው በአሮጌ በር ጣውላ ዝቅ ያለች ነገር ሊመታ ነበር። ሳቁን ሲሰማ እልህ ያዘው። «አሳያቸዋለሁ» አለ። የዋንዛ እንጨት ገዛ። ራስጌ አወጣለት፣ ግርጌ አወጣለት። እግሮቹ ብቻ ሦስት ቀን ፈጁበት፤ ጠረበ፣ አለሰለሰ፣ ቫርኒሽ ቀባ። ቁመቱን በምን ለካ? በራሱ ጉልበት። አልጋው ጉልበቱ ጋ ሲደርስለት፣ «አዎ፣ የወግ አልጋ እንዲህ ነው» አለ።

መከታን አልለካም።

ሰኔ ሲጋመስ አልጋው በረንዳው ላይ ቆመ፤ ሰፈሩም ሊያይ መጣ። መከታ ቀረብ ብሎ አሸተተ። ቀና ብሎ አልጋውን አየ። ከዚያ ዞረና ከአልጋው ሥር ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ተኛ።

«ደግ አደረግህ» አለ ደምሰው፤ «ጣራ ሠራህለት።»

ሰውየው ጎትቶ አወጣውና አቅፎ ከላይ አስተኛው። ውሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሊወርድ ሲል በደረቱ ወደቀና ተመልሶ ከሥር ገባ። «ውለታ ቢስ» አለው ሰውየው ተናዶ።

ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ጊዜ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንተ ሰው፣ ይህን አልጋ ለማን ነው የሠራኸው? ለመከታ ከሆነ እግሩን እይለት። ለጋሽ ደምሰው ከሆነ ደግሞ ይውሰድና ይተኛበት።»

ሰውየው ጎንበስ አለ። የውሻውን እግር አየ። ሦስት ቀን የለፋባቸውን የአልጋውን እግሮች አየ። ሰማዩ አጉረመረመ። ገባና መጋዙን ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ደምሰው። «እንዲህ ያማረ እግር ይቆረጣል እንዴ?»

«ይቆረጣል። ና ያዝልኝ።»

«እኔ?»

«እስከ ዛሬ አፍህ ሠርቷል። አሁን እጅህ ይሥራ።»

አልጋውን ገለበጡት። ሁለተኛውን እግር ሲቆርጡ ዝናቡ ጀመረ፤ አራተኛው ጋ ሲደርሱ ሁለቱም በስብሰዋል። ከእግሩ የተረፈው አራት ጣት ነው፤ ውሃ ከሥር የሚያልፍበት ያህል። አገላብጠው አቆሙትና ጆንያ አነጠፉበት። መከታ የፊት እግሮቹን ጫነ። ቆየ። ማንም አልረዳውም። የኋላዎቹን እየጎተተ አስከተላቸው፣ ሦስት ጊዜ ዞረና ተጋደመ። ጎርፉ በረንዳውን ሞላው፤ በአልጋው ሥር አለፈ። መከታ ደረቅ እንደ ሆነ እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የእናንተስ አልጋ ቁመቱ ስንት ነው?

ለእናታችሁ ትልቅ ሶፋ ገዛችሁላት። እንግዳ ሲያየው ያምራል። እሷ ግን አንዴ ከሰጠመችበት ለመነሳት ሰው ትጣራለች፤ ዝቅ ያለችው በርጩማዋ ናፍቃታለች። ቁጭ ብላችሁ ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?

ለተጣላችሁት ወንድማችሁ በልባችሁ ይቅርታ አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ አላችሁ። ነገር ግን «ሽማግሌ ይላክ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ፣ እግሬ ሥር ይውደቅ» ትላላችሁ። ይቅርታው ጥሩ እንጨት ነው፤ ቫርኒሹም ያበራል። እግሩ ነው የረዘመው። ወንድማችሁ ደክሞት ከሥር ሲተኛ ደግሞ ምን እንላለን? ውለታ ቢስ እንላለን።

ጌታችን ሲወለድ የት ነበር የተኛው? ግርግም ውስጥ አይደለም? ግርግም ማለት ከብት አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚበላበት ነው። በረት ነበርና እረኞቹን ማንም በር ላይ አላስቆማቸውም፤ ከነጭቃቸው ገብተው አዩት። ከፍ ያለ አልጋ አጥቶ ነው? አይደለም። ማን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ የሠራችሁትን ውደዱት፣ ግን ለኩት። በራሳችሁ ጉልበት አትለኩ፤ ሊተኛበት በደከመው ሰው እግር ለኩ። ከረዘመ ቁረጡ። ያሳዝናችኋል፣ ሦስት ቀን የለፋችሁበት ነውና። ቢሆንም ቁረጡ። ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቁ፤ የምትወዱት ሰው እኮ አሁን ሲሚንቶ ላይ ነው።