ይገደል ወይ?

አንድ የጥንት ቻይና ንጉሥ ነበር። በሩቅ አውራጃ የሚኖር ሼን ዩዋን የተባለ የግድብ ኃላፊ ተከሶ ታሰረ፤ ክሱም ለንጉሡ ደረሰ። ሼን በክረምት ጎርፍ ያለ ፈቃድ የግድቡን በር ከፍቶ የቤተ መንግሥቱን የሩዝ እርሻ በውሃ አስጥሟል። ሕጉ ለዚህ ጥፋት የሞት ቅጣት ይፈርዳል። እሱ ግን፣ «ባልከፍተው ኖሮ ውሃው መንደሩን ይውጠው ነበር» ብሏል።

ንጉሡ አመነታ። የአውራጃውን ገዥ ማማከር ፈለገና ጸሐፊውን፣ «ሼን ይገደል ወይ? ብለህ ጻፍለት» አለው።

በድሮው የቻይና ጽሑፍ «ሁ» የምትባል ምልክት አለች። ብቻዋን ስትቆም ይህ ነው የሚባል ነገር ስለማትጠራ ሊቃውንቱ ከ«ባዶ ፊደላት» ይቆጥሯታል። ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትገባ ግን እንደ እኛ «ወይ» ናት፤ ነገሩን ጥያቄ ታደርገዋለች።

ጸሐፊው ብሩሹን እንደያዘ አሰበ። «ንጉሥ የበታቹን ሲጠይቅ ደካማ ይመስላል። ደግሞስ ባዶ ፊደል ናት።» ተዋትና «ሼን ይገደል» ብሎ ላከ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገዥው ራሱ ቤተ መንግሥት መጣ። ንጉሡ ገና ሲያየው፣ «እህ፣ ስለ ሼን ምን ትመክረኛለህ?» አለው።

የገዥው ፊት አመድ መሰለ። «ምን እመክራለሁ ንጉሥ ሆይ? በትእዛዝዎ መሠረት ገድለን ቀበርነው እኮ!»

ንጉሡ ከዙፋኑ ብድግ አለ። «እኔ ጠየቅሁህ እንጂ መች አዘዝሁህ!»

በዙፋኑ አጠገብ የቆመው ጸሐፊ መሬት ላይ ተደፋ። ያደረገውንም ተናገረ። ንጉሡም ወደ ገዥው ዞረ።

«አንተስ? ሼን ሞት የሚገባው ሰው መስሎህ ነበር?»

«የለም። ያ ሁሉ የመንደር ሰው ዛሬ በሕይወት ያለው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን መልሰህ አልጠየቅኸኝም?»

ገዥው አንገቱን ደፋ። «ፈራሁ። እርስዎን መልሶ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ንጉሡ ተመልሶ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ።

ወዳጆቼ፣ ጸሐፊው መጠየቅን ውርደት አደረገው፤ ገዥው መጠየቅን ፈራ፤ ንጉሡም ሰው ሁሉ መጠየቅ የሚፈራበት ቤት ሠራ። በሦስቱ መካከል መንደር ያዳነ ሰው ሞተ። ሥልጣን ያለው ሰው በዙሪያው ጥያቄ ሲጠፋ የተከበረ ይመስለዋል፤ ስሕተቱን የሚያቆምለት ሰው ግን አጥቷል።

እናንተስ በቤታችሁም ሆነ በሥራችሁ፣ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ የሚደፍር ሰው አላችሁ?