የአያ ጅቦ ሆዳም ሞተር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በሞተር ሳይክል ፍቅር ባበዱበት ወራት፣ እመት አህይት ጭነቷን ከጀርባዋ አራግፋ አንዲት ትንሽ ሞተር ላይ ጉብ አለች። ደስታዋን አትጠይቁኝ! ነፋሱ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ሲያስተኛቸው ትስቃለች፤ ሳቋ ሲብስባት ታናፋለች። ይህን ሲያይ ያረረው አያ ጅቦ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ» ሲል አንበሳ ዘንድ ከሰሳት፤ «አህያ ጭነት ካልተሸከመች ምን ትሠራለች? ይፍቀዱልኝና ልብላት።»

አንበሳ ውድድር ማየት ከሥጋ ይበልጥበታል። እመት አህይትን አስጠርቶ «በሳምንቱ ከሜዳው ተነስታችሁ ተራራው አናት ድረስ ትሽቀዳደማላችሁ» አለ። «እሱ ከቀደመ ይበላሻል። አንቺ ከቀደምሽ ዕድሜ ልኩን ጥርሱ አይነካሽም። እስከዚያው ጎማ መቀየር ክልክል ነው።»

እመት አህይት ሞተሯን እየገፋች ወደ ቤቷ ሄደች። አያ ጅቦ ግን ሞተር ሊዋስ እየዘለለ ወደ አንበሳ ጋራዥ ገባ፤ የሞተሮቹን ሆድ አንድ በአንድ ይዳብስ ጀመር።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ስድስት መቶ ሲሲ» አለው ጠባቂው ዝንጀሮ።

«ይሄስ?»

«ሺህ። ግን አያ ጅቦ፣ ከባድ ነው፤ ኩርባ ላይ እንደ ልብ አይታዘዝም።»

«ሞተር ማለት ሆድ ነው! ሺሁን አምጣ!»

ከሺህ በላይ እንደሌለ ሲነገረው በጣም አዘነ። የሞተሩ ወንበር ቆዳ ስለነበረ ግን እዚያው በልቶት ተጽናና።

ከማግስቱ ጀምሮ ሜዳው በጭስ ታፈነ። አያ ጅቦ ቀጥታውን መንገድ ጋዙን እስከ ጥግ ጠምዝዞ ይከንፋል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የፊት ፍሬኑን ይዞ የኋላ ጎማውን እዚያው እያሽከረከረ ያጨሰዋል። ጦጣዎች ያጨበጭባሉ። የተቃጠለው ጎማ ሽታ ደግሞ ምግብ አሰኝቶት ምራቁን እየዋጠ እንደገና ይነሳል።

እመት አህይት ወደ ጎሚስታዋ ወደ እመት ቀበሮ ሄደች።

«አለቀልኝ! የእሱ ሺህ፣ የእኔ ሁለት መቶ ሃምሳ። በምኔ ልቅደመው?»

«በኩርባው» አለች ቀበሮ ጎማ መለጠፏን ሳታቆም። «የተራራው መንገድ ሃምሳ ኩርባ አለው። የዚያ ሞተር ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው የኋላ ጎማው ላይ ነው። ቀጥታ ብቻ ስለሚነዳ ደግሞ የጎማው መሃል አልቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ጠፍጣፋ ጎማ ወደ ጎን መጋደል አይወድም። የአንቺ ቀላል ናት፤ ተራራው ላይ ሄደሽ መጋደል ተለማመጂ። ፍጥነትሽን ከኩርባው በፊት ቀንሺ፤ ከገባሽ በኋላ ፍሬን አትንኪ።»

«ካዳለጠኝስ?»

«ያው ይበላሻል። ካልተለማመድሽም ይበላሻል።»

እመት አህይት እያለቀሰች ተራራውን ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። ተንኮለኛዋ ቀበሮ ደግሞ በሜዳው በኩል ብቅ አለችና «አያ ጅቦ፣ የትናንቱ ጭስ ወንዙን ተሻግሮ ነበር፤ የዛሬው ምነው ሳሳ?» አለችው።

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ሊተኛ ነው? እስከ ውድድሩ ዋዜማ አጨሰ። የጎማው ጥርስ ተልጦ ክሩ ብቅ ሲል «አሁን ገና አማረበት!» ብሎ ዳበሰው።

ቀኑ ደረሰ። አንበሳ ተራራው አናት ላይ ሆኖ ሲያገሳ ሁለቱም ተነሱ። አያ ጅቦ ሽው ብሎ ጠፋ። እመት አህይት አቧራውን እየዋጠች «ወይኔ፣ ምሳው ሆንኩ!» አለች። መሪውን ግን አልለቀቀችም።

ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ጉድ ታየ። አያ ጅቦ ወደ ግራ ሲል ያ ከባድ ሞተር ቀጥ ብዬ ካልሄድኩ ይላል። ፍሬን ሲይዝ ሊቆም ምንም አይቀረው፤ ጋዝ ሲሰጥ የኋላው ጎማ እንደ ላም ጭራ ይወናጨፋል። እመት አህይት ግን ጋደል እያለች እጥፍ፣ ዘርጋ! በየኩርባው ትደርስበታለች፣ በየቀጥታው ያመልጣታል። ሠላሳኛው ኩርባ ላይ ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ፤ ሳቋ መጣ። በመጨረሻው ኩርባ በውስጥ በኩል ሾልካ አለፈችው።

«ቁሚ፣ አንቺ ምሳዬ!» ብሎ ጋዙን እስከ ጥግ ጠመዘዘው።

ጧ! ጎማው ፈነዳ፤ አያ ጅቦም በአየር ላይ ተንሳፍፎ ቁልቋል ላይ አረፈ። እመት አህይት ተራራው አናት ላይ ደርሳ ምድሩ እስኪናወጥ አናፋች።

«ከእንግዲህ ጥርስህ አይነካትም» ብሎ ፈረደ አንበሳ። «ሞተሬን ደግሞ ከወሰድክበት መልስ።»

አያ ጅቦ እሾሁን እየነቀለ ቁልቁለቱን አየ፤ ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር አየ፤ በመጨረሻም እመት አህይትን አየ። «እህቴ» አለ ድምፁን አለስልሶ፤ «መቼም ጭነት ለምደሻል። ይቺን ብታወርጂልኝ?»

«ጭነት ትቻለሁ አያ ጅቦ። አንተ ጀምረው!»

ሞተሩን በጀርባው ተሸክሞ ሃምሳውን ኩርባ ወረደ፤ እሷም ዙሪያውን እየዞረች ኩርባዎቹን ቆጠረችለት። ጅብ እስከ ዛሬ የሚያነክሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ሞተር ቀጥታ መንገድ ላይ ቢያስፎክርም፣ ኩርባውን የሚያሻግረን ልንገራው የምንችለው ጉልበትና ሳንጨርስ ያቆየነው ጎማ መሆኑን ነው።