አልያዝም ያለችው ዳክዬ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የሌለው ለሌላው ቦታ ይልቀቅ።

አንድ ሰፊ ባሕር ነበረ። ባሕሩ ወደ ምድር ገባ ብሎ ጉያ ሠርቷል፤ በዚያ ጉያ ውስጥ ውሃው ከሰው ጉልበት አያልፍም፤ ጭቃው ግን ከውሃው ይበልጣል። እዚያ ዳክዬ ሞልቷል። የሚያሳድደው ስለሌለ ደግሞ ተዝናንቶ ይኖራል። በዚያ አገር ዳክዬ አይበላም፤ የእግሯ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ወፍ እንዴት ትበላለች? ማንም ስለማይበላት ማንም አያድናትም፤ ማንም ስለማያድናት እንዴት እንደምትታደን የሚያውቅ የለም።

በዚህ አገር አንሙት የሚባል ጨዋ ሰው ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ይኖር ነበር። አንጓች ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም አልቆዩላትም። አሁን ሦስተኛዋ ነው፤ ሦስት ወር ሆኗታል። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለው ከሁለቱ በቀር ለማንም አልተነፈሱም። ሲያስመልሳት አንሙት ጎረቤታቸው እትየ ውድነሽ በምትልክላቸው ሽሮ ያመካኛል። "ሽሮው ነው፤ ሽሮው አልተስማማትም" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

አንድ ማለዳ አንጓች ከመኝታዋ ቀና ብላ፣ "ዳክዬ አማረኝ" አለች።

"ምን?"

"ዳክዬ።"

"ዶሮ ለማለት ነው፣ አንቺ?"

"ዶሮን አውቃታለሁ። ዳክዬ ነው ያልኩህ።"

"አይበላምኮ!"

"ይበላል አይበላም መቼ አልኩህ? አማረኝ ነው ያልኩህ።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል እንቢ አላት። በአራተኛው ቀን ውሃም አልረጋላት አለ።

"ባለፉትም እንዲህ ነው የጀመረኝ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንሙት፣ ይኼኛው እንዳይሄድብኝ።"

አንሙት ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። አድኖ ስለማያውቅ ለአደን ምን እንደሚለበስ አላወቀም። ለሽምግልና ሲሄድ የሚለብሳትን ኮት ለበሰ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ከዘራውን ያዘ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ውሃው ገባ። ከደንገሉ አጠገብ አንዲት ዳክዬ ተንሳፍፋለች።

"እንደምን አደርሽ?" አላት፤ ለጉዳይ የሄደ ሰው ሰላምታ ያስቀድማልና። "እቤት ድረስ ትፈለጊያለሽ።"

"ለምን?"

"ለአንድ ጉዳይ።"

"ለአንድ ጉዳይ አልያዝም" አለችና አንድ ክንድ ፈቀቅ አለች። እሱም አንድ ክንድ ተጠጋ፤ እሷም አንድ ክንድ ፈቀቅ። ረፋዱ ላይ ሁለቱም ጉያውን ዞረው ጨርሰው ነበር፤ አንደኛቸው እስከ ጢሙ በጭቃ ተለውሷል።

እትየ ውድነሽ ልብስ ልታጥብ ወርዳ አየችው። "አንሙት! ምን ጠፍቶብህ ነው?"

"ዳክዬ እያደንኩ ነው።"

"በኮት?"

"ለአንድ ጉዳይ ነው፣ እትየ።"

"የጉዳይ ሰው! አንድ መንገደኛ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ዳክዬ የሚያድኑት ቅል ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ነው። ቅሏን ለዓይናቸው ይበሷትና ውሃው ውስጥ ተንበርክከው ቀስ እያሉ ይጠጋሉ። ዳክዬዋ 'ቅል ነው የተንሳፈፈው' ብላ ስትዘናጋ እግሯን ከሥር ላፍ! አሮጌዋ ቅሌ ደጅ ላይ አለችልህ፤ እሺ ካለችህ ውሰዳት።"

አንሙት ወደ ቅሏ ሄደ። "ቅል ሆይ፣ ራሴ ላይ ተደፊልኝ፤ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለአንድ ጉዳይ።"

"እኔ ስንት ወተት የተናጠብኝ ቅል ነኝ" አለች ቅሏ። "ለማይነገር ጉዳይ ተበስቼ እንደ ቆብ አልደፋም።"

አንሙት ዋርካው ሥር ወዳለው ድንጋይ ሄደ። "ድንጋይ ሆይ፣ ቅሏን ስበርልኝ፤ ቅሏ አልደፋም አለችኝ፣ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ።"

"እኔ የሽማግሌ መቀመጫ ነኝ" አለ ድንጋዩ። "ስንት ነገር ላዬ ላይ ተቋጭቷል። በል ነገሩን ከሥሩ አስረዳ።"

"የቤት ጉዳይ ነው።"

"የቤት ጉዳይ እቤት ይለቅ። አልሰብርም።"

አንሙት ወደ ውሃው ተመለሰ። "ውሃ ሆይ፣ ድንጋዩን ዋጥልኝ፤ ድንጋዩ አልሰብርም አለኝ፣ ቅሏ አልደፋም አለችኝ፣ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ስታደፈርሰኝ ዋልክ" አለ ውሃው። "ለምን እንደሆነ አንዲት ቃል ተንፍሰሃል? አልውጥም።"

በዚህ መሐል አንሙት ሚስቱን ሊያይ ወደ ቤት ብቅ አለ።

"ተገኘች?" አለች አንጓች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"በሂደት ላይ ናት" አለ አንሙት። ግንባሯን ዳሰሳት። ግንባሯ ይፋጃል። ሮጦ ወጣ።

ቀና ብሎ፣ "ፀሐይ ሆይ፣ ውሃውን አድርቂልኝ፤ ውሃው አልውጥም አለኝ፣ ድንጋዩ አልሰብርም አለኝ፣ ቅሏ አልደፋም አለችኝ፣ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ" አለ።

"ማድረቅ የበጋ ሥራ ነው" አለች ፀሐይ። "ለማን ብዬ ቀኑን ልቀይር?"

"ለአንድ ሰው።"

"ሰውማ ስንቱ! አላደርቅም።"

ኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ደመና ጋደም ብሏል። "ደመና ሆይ፣ ፀሐይን ጋርድልኝ፤ ፀሐይ አላደርቅም አለችኝ፣ ውሃው አልውጥም አለኝ፣ ድንጋዩ አልሰብርም አለኝ፣ ቅሏ አልደፋም አለችኝ፣ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ።"

"ከእሷ ጋር ሰላም ነን" አለ ደመናው እያዛጋ። "ያለ ምክንያት የምን ጠብ ነው? አልጋርድም።"

የቀረው ነፋስ ብቻ ሆነ። አንሙት የፈራውም ነፋስን ነበር። ነፋስ ነገር አይዝም፤ በየበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ በየጓዳው ይዞራል፣ የሰማውን ሁሉ ለሁሉ ያደርሳል። አንሙት ኮቱን ቆለፈ። ነፋስ በየት በኩል እንደቆመ ስለማይታወቅ ለአራቱም ማዕዘን እጅ ነሣ።

"ነፋስ ሆይ፣ ደመናውን ይበትኑልኝ፤ ደመናው አልጋርድም አለኝ፣ ፀሐይ አላደርቅም አለችኝ፣ ውሃው አልውጥም አለኝ፣ ድንጋዩ አልሰብርም አለኝ፣ ቅሏ አልደፋም አለችኝ፣ ዳክዬዋ አልያዝም አለችኝ።"

"ለምን ጉዳይ?" አለ ነፋስ።

"ለአንድ..." ብሎ ቆመ።

ከዳርቻው ላይ ሆኖ ቤቱ ይታየዋል። አንጓች ወጥታ መቃኑን በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ሆዷን ደግፋለች። ጎንበስ ብላ ያስመልሳታል፤ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ከዚያ ቀስ ብላ ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ለመነሣትም አልሞከረች።

አንሙት ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት" አለ። "ዳክዬ አምሯታል። ሁለቱ ሄደውብናል። ይህም እየሄደብን ነው።"

በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር ንግግር አድርጎ አያውቅም። ደንገሉ መወዛወዙን ተወ።

"እህ!" አለ ነፋስ። "እና ይህን ነው ቀኑን ሙሉ ስታመነዥክ የዋልከው?" ብሎ በረረ።

ነፋስ ለደመና ነገረ፣ ደመና ለፀሐይ ነገረ፣ ፀሐይ ለውሃው ነገረች፣ ውሃው ለድንጋዩ ነገረ፣ ድንጋዩ ለቅሏ ነገረ። "ለነፍሰ ጡር ከሆነማ!" አለ ሁሉም። ነፋሱ ልበትን አለ፣ ደመናው ልጋርድ አለ፣ ፀሐይ ላድርቅ አለች፣ ውሃው ልዋጥ አለ፣ ድንጋዩ ልስበር አለ። ቅሏ ግን፣ "ኧረ ማንም ማንንም አይንካ! ብሱኝና ልደፋለት" አለች።

እትየ ውድነሽም ሰምታ ኖሮ ቅሏን በስታ፣ ታቅፋ እየሮጠች መጣች። "አንተ ልበ ደንዳና! ሦስት ወር ሙሉ ሽሮዬን ስታሳማ!" አለችውና ቅሏን ራሱ ላይ ደፋችበት፤ የደፋችበትም በቀስታ አልነበረም።

ያልተስማማችው ዳክዬዋ ብቻ ናት። ነፋስ ለእሷም ነግሯታል። "የሚያሳዝን ነገር ነው" አለች። "ነገር ግን ሁላችሁም እሺ ያላችሁት በእኔ ነው። አልያዝም።"

አንሙት ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ውሃው አገጩን እስኪነካው ድረስ ተንበረከከ። ኮቱ ዙሪያውን ተንሳፈፈ። ደመናው ጥላውን ጣለለት፤ ነፋሱ ትንፋሹን ዋጠለት። አንዲት ቅል በጉያው ላይ ቀስ እያለች ሄደች። ዳክዬዋ አየቻት፤ ቅል ናት ብላ ላባዋን ማበጠር ቀጠለች። ከውሃው ሥር አንድ እጅ እግሯን ላፍ አደረገ።

"ይቅር በይኝ" አላት አንሙት። ይቅር አላለችውም።

ዳክዬ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ በውሃና በጨው ቀቀሏት። ያ ሁሉ ዓይኑ የተፈራ ሰፈርተኛ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ትንፋሹን ይዟል። እትየ ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ ለውጪዎቹ ታስተላልፋለች።

"ጎረሰች!"

"ወረደ?"

"ወረደ።"

"ተመለሰ?"

እትየ ውድነሽ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። አንሙት ከመደቡ ጥግ ሆኖ የሚስቱን ጉሮሮ ያያል፤ ኮቱ እግሩ ሥር ይንጠባጠባል።

"አልተመለሰም!"

አንጓች ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሦስተኛ ጎረሰች። ቅልጥሙን አንስታ ጋጠች፣ መረቁን እስከ ጭላጩ ጠጣች። ከዚያ አፏን ጠርጋ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

"ጨው አንሶታል" አለች።

አንሙት ወቀሳ ሰምቶ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ጨው ፍለጋ ተነሣና ማልቀስ ጀመረ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ከዚህ በላይ የሰማ ካለ ይቀጥልበት።