ከጦጢት ልጅ በላይ የተንጠለጠለው

ድሮ ነው፤ እንስሳት አፍ በነበራቸው፣ ዕቃም ሲከፋው መልስ በሚሰጥበት ጊዜ። ተረቴ ረጅም አይደለችም፤ ስሙኝ።

አንድ መንገደኛ ወንዝ ሲሻገር ካሜራውን ጥሎ ሄደ። ካሜራው ፎቶ ባነሳ ቁጥር ወረቀቱን እዚያው የሚተፋ ዓይነት ነበር። የወንዙ ዳር እንስሳት አገኙትና በተራ ያነሱበት ጀመር። ያነሳ ሁሉ ፎቶውን ይዞ ግራሩ ሥር ይመጣል። እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ደግሞ ሳያይ "እጅህ ይባረክ!" ይላል። ሥርዓቱ ይኸው ነበር።

ይህ ሥርዓት አባ ኤሊን አንገበገበው። አባ ኤሊ ሽማግሌ ነው፤ ሲሄድም ሲያይም ቀስ ይላል። ዝምታ ይወዳል። ግን ፎቶ ሲሰጡት ያየዋል። ጥፋቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አያ ከርከሮ የሚስቱን ፎቶ ይዞ መጣ።

"እጅህ ይባረክ!" አሉ ሁሉም።

አባ ኤሊ አየ፤ አገላብጦ አየ። "ጭንቅላቷ የት አለ?"

"ምን አልክ?"

"ጭንቅላት የላትም። አንተ ትንሽ ወደ ኋላ ብትል ኖሮ ፎቶው ውስጥ ይገባልህ ነበር።"

"ሚስቴን ነው ጭንቅላት የላትም የምትለኝ?" ከርከሮ ጥርሱን አፋጨ።

"እኔም ነግሬዋለሁ" አለ ካሜራው። "ማን ይሰማኛል!"

ቀጥላ ወይዘሮ ጅግራ መጣች።

"እጅሽ ይባረክ!" አሉ ሁሉም።

አባ ኤሊ አየ። "ይህ ከሰል ነው?"

"ጫጩቶቼ ናቸው!"

"ጠቁረዋል እኮ። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ እንጂ፣ እመቤቴ።"

"ምቀኛ! የሌላ ሰው ልጅ ሲያምር አይወድም!"

ተባብረው በጀርባው ገለበጡት። አባ ኤሊ እግሩን ወደ ሰማይ እያወራጨ ግማሽ ቀን ዋለ። በመከራ ተገልብጦ ሲነሳ፣ "ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብተነፍስ ድንጋይ ያርገኝ!" ብሎ ማለ።

"አሁንስ ከድንጋይ በምን ትለያለህ?" አለው ካሜራው።

በሦስተኛ ተራ እመት ጦጢት መጣች። ነብር ባለፈው በጋ ሁለት ልጆቿን በልቶባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀርታታለች። እየዘለለች ነው የመጣችው።

"ልጄን እዩልኝ! ሾላው ሥር ተኝታ ነው ያነሳኋት። እንቅልፏን ላለመረበሽ እዚያው ትቻት መጣሁ።"

"እጅሽ ይባረክ!" አለ ከርከሮ።

"እጅሽ ይባረክ!" አለች ጅግራ፣ መሬት እየጫረች።

ፎቶው አባ ኤሊ ዘንድ ደረሰ። ሳያይ ሊያልፈው ፈለገ፤ ዓይኑ እምቢ አለው። ልጅቱ አምራለች። ከበላይዋ ግን፣ ከሾላው ቅርንጫፍ፣ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል።

'ዝም በል' አለ በልቡ። 'መገልበጥ አማረህ? ዝም በል!'

አልሆነለትም።

"እመት ጦጢት፣ ልጅሽ ደስ ትላለች። ብርሃኑም ፊቷ ላይ በደንብ አርፏል።"

ጦጢት ፈገግ አለች።

"ከበላይዋ ያለው ነገር ግን ፎቶውን አበላሽቶታል።"

"ይኸው ጀመረው!" ጮኸ ከርከሮ።

"ሐረግ ነው!" አለች ጦጢት ተቆጥታ። "ይሄ ሽማግሌ ሐረግም ይጠላል እንዴ?"

"ሐረግ ዝንጉርጉር ይሆናል?"

"እ?"

"ጫፉስ ለምን ተቆልምሟል? እዪው እንጂ፣ እቴ! አንድ ቀን እንኳ ያነሳችሁትን እዩት!"

ጦጢት አየች። ፎቶውን ወርውራ በረረች።

ስትደርስ ነብሩ የሾላውን ግንድ እኩሌታ ወርዷል። ልጇን በአንድ እጇ መንጭቃ፣ ከጎን ያለው ዛፍ ላይ ነብር የማይሸከም ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ድረስ ወጣች። ነብሩ ሽቅብ እያየ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ሲሰለቸው ሄደ።

ጦጢት ልጇን አዝላ ወደ ግራሩ ተመለሰች። ፎቶውን ከመሬት አንስታ አቧራውን አራገፈችና አባ ኤሊ ፊት አኖረችው።

"አባቴ" አለች፣ "ሌላስ ምን ይታይዎታል?"

አባ ኤሊ በረጅሙ ተነፈሰ። "ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሏል።"

"ተመስገን!" አለ ካሜራው።

አያ ከርከሮም ከኋላ ቀስ ብሎ ያችን ጭንቅላት የሌላትን ፎቶ አወጣ።

እንግዲህ የወዳጅህን ሥራ ሳታይ እጁን አትባርክ። መጀመሪያ እየው፤ ያማረውንም የጎደለውንም ንገረው። ቢገለብጥህም ንገረው። እኔ ጨረስኩ፤ የሰማ ይያዛት።