ሳይጠየቅ የቀረው በርጩማ

አንድ ሰው ነበረ። የውሻና የድመት ምግብ፣ የወፍ ጎጆ፣ የዓሣ ገንዳ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሰባት ዓመት በሻጭነት ሠራ። ድርጅቱ በከተማው አራት ቅርንጫፎች አሉት። ሰውየው ታታሪ ስለነበረ በስምንተኛው ዓመት የአንዱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙት።

ሹመት ክፉ ነው አልላችሁም። ግን ሰው ሲሾም መጀመሪያ የሚረሳው ምኑን ነው? እግሩን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውልበት የነበረውን እግሩን ይረሳል።

በዚያ ቅርንጫፍ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። ይህ ሰው አዲስ ገብ ሳለ ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከባዱ የምግብ ከረጢት ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሣ፣ የታመመች ወፍ በምን እንደምትታወቅ፣ የተቆጣ ደንበኛ በምን ቃል እንደሚበርድ። ያኔ «ፋንታሁን ልጄ» ነበር የሚሉት። ከተሾመ ወዲህ «አቶ ፋንታሁን» ማለት ጀመሩ። እሱም «ኧረ ተዉ» አላላቸውም።

አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ወደ ቢሮው ገቡ።

«አቶ ፋንታሁን፣ ጉልበቴ እያበጠ አስቸገረኝ። ሰው በሌለ ሰዓት አረፍ የምልባት አንዲት በርጩማ ከባንኮኒው ኋላ ባስቀምጥስ?»

«እትዬ አስካለ፣ መሸጫው ውስጥ መቀመጥ ክልክል ነው። የዋናው ቢሮ መመሪያ መሆኑን ያውቃሉ እኮ።»

«አውቃለሁ። ምናልባት ቢጠይቁልኝ ብዬ ነው።»

እሱም «እስቲ እናያለን» አላቸው።

ወገኖቼ፣ «እስቲ እናያለን» ብለን ስንቱን ሰው ከደጃችን ሸኝተናል?

ልቡ ድንጋይ ሆኖ አይደለም። ከተሾመ ገና ሦስት ወሩ ነው። «ሠራተኞቹን መያዝ አቃተው» እንዳይባል ፈራ። ሁለት ጊዜ ለዋናው ቢሮ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን አውርቶ ዘጋው። በዚያው ሳምንት አንድ በቀቀን ላባው መርገፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ሳያመነታ ደወለ፤ ከምሳ በፊት የእንስሳት ሐኪም መጣ። ለበቀቀኑ መደወል አላስፈራውም። ለምን ይመስላችኋል? ስለ በቀቀን የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅ ጎበዝ ይባላል። ስለ ሰው ጉልበት የሚጠይቅ ግን ምን እንደሚባል አላወቀም።

እትዬ አስካለ ደግመው አልጠየቁም። ቆመው ሠሩ። በአምስተኛው ሳምንት ከላይኛው መደርደሪያ ከረጢት ሲያወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ከነሸክማቸው ወለሉ ላይ ወደቁ። ባልደረቦቻቸው ደግፈው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሙም ከእንግዲህ ቆሞ መዋል እንደማይሆንላቸው ነገራቸው።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት፣ ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ራሳቸው መጡ።

«ቀድሞም ያማቸው ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። መቀመጫ ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን አልካቸው?»

«መመሪያ አለ ብዬ…»

«ያንን መመሪያ ያወጣሁት ሠራተኛ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ደንበኛ ስለሚጉላላ ነው። ለታመመ ሰው ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?»

በዚያው ሳምንት ለአራቱም ቅርንጫፎች መቀመጫ ተላከ። ወይዘሮዋም ቢሆኑ ከነገሩ ንጹሕ ነኝ ማለት አይችሉም፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እግራችሁ እንዴት ነው?» ብለው አያውቁም።

እሑድ ከሰዓት ፋንታሁን እትዬ አስካለ ቤት ሄደ። እግራቸውን ዘርግተው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ይቅርታ ለመናቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«ተነሥ ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ቀጥለውም፣ «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ያን ቀን ‹አልጠይቅልዎትም› ብትለኝ ኖሮ ሌላ ቦታ ሥራ እፈልግ ነበር። ‹እናያለን› ስላልከኝ ጠበቅኩህ» አሉት።

ፋንታሁን ከዚያ ወዲህ ብዙ ለሠራተኛ የሚበጅ ነገር ሠርቷል ይባላል። ዛሬም እትዬ አስካለን ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም በደስታ ይቀበሉታል። በምርኩዝ ተነሥተው ነው የሚቀበሉት። ይቅርታ በደልን ያነሣል፤ የተጎዳ ጉልበትን ግን ወደ ነበረበት አይመልስም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ እናንተን የሚጠብቅ ማን ነው? በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በቤታችሁ ውስጥ ከምታሠሯት ልጅ ጀምሮ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን አገልግሎታችን እንኳ፣ ቃላችሁን አምኖ ቆሞ የቀረ ማን ነው? ለእናንተ የአንድ ስልክ ጉዳይ ነው። ለእሱ ግን ጤናው ነው፤ ዕድሜው ነው።

ስሙን አሁን በልባችሁ አስቡት። አያችሁ፣ ለማስታወስ አልቸገራችሁም። እንግዲያው ነገ ጠዋት ጠይቁለት። ባይሆን እንኳ አለመሆኑን ሄዳችሁ በግልጽ ንገሩት። መሄድ በሚችልበት እግሩ ወደ ሌላ በር ይሂድ።